ስም ያልጠራው መርማሪ፦ የዳሺየል ሃሜት ሕይወትና ሥራ

ዳሺየል ሃሜት የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ የቤተሰብ ስሙ በአማርኛ ሲነበብ ለጆሮ ብዙም ደስ አያሰኝም፤ ሰውን በሌለበት የማንሣትን ክፉ ልማድ ያስታውሳልና። የሰውዬውን ሕይወት እስከ ፍጻሜው ለተከታተለ ግን ይህ የድምፅ መመሳሰል ከተራ ቀልድ ያለፈ ነገር ይታየዋል። ይህ ሰው በ57 ዓመቱ፣ ሳንባው ተጎድቶና ሀብቱ ተሟጦ ሳለ ወደ ወህኒ ቤት የወረደው የሌሎችን ሰዎች ስም አልጠራም በማለቱ ነበር። ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ በወጣትነቱ ይተዳደርበት የነበረው ሙያ የሰውን ምስጢር ፈልፍሎ አውጥቶ ለከፋዩ ማቀበል መሆኑ ነው። ከመርማሪነት ወደ ደራሲነት፣ ከደራሲነት ወደ ፊልም ጽሑፍ፣ ከዚያም ወደ እስር ቤት ያደረሰው መንገድ ለእኛ ለብዕር ሰዎች ብዙ የሚያሳስብ ነገር አለው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳሙኤል ዳሺየል ሃሜት የተወለደው ሜይ 27 ቀን 1894 በሜሪላንድ ግዛት፣ ሴንት ሜሪስ በተባለው አውራጃ፣ በአያቱ እርሻ ላይ ነው። ያደገው በፊላደልፊያና በባልቲሞር ከተሞች ነው። አባቱ ብዙ ሥራ ሞክሮ በአንዱም ያልቀናው ሰው ስለነበር፣ ልጁ በ14 ዓመቱ ገደማ ትምህርቱን አቋርጦ ቤተሰቡን መርዳት ግድ ሆነበት። በባቡር ኩባንያ መልእክተኛ ሆነ፤ ሌላም ልዩ ልዩ ጥቃቅን ሥራ ሠራ፤ በአንዱም አልረጋም። በ1915 ባልቲሞር ውስጥ በፒንከርተን የምርመራ ድርጅት ተቀጠረ። ዕድሜው 21 ዓመት ነበር።

ይህ ድርጅት የመንግሥት ፖሊስ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አለን ፒንከርተን በተባለ ከስኮትላንድ የመጣ ስደተኛ የተቋቋመ የግል ኩባንያ ነው። የየከተማው ፖሊስ ከከተማው ወሰን ውጭ ሥልጣን ባልነበረው ዘመን፣ የፒንከርተን መርማሪዎች ሌባና ወንበዴን ከግዛት ግዛት እየተከተሉ ይይዙ ስለነበር ባንኮችና የባቡር ኩባንያዎች ደንበኞቻቸው ነበሩ። ድርጅቱ ግን ሌላም ገጽ ነበረው። የፋብሪካና የማዕድን ባለቤቶች የሠራተኛን አድማ ለመስበር ሲፈልጉ የሚቀጥሩት ይህንኑ ድርጅት ነበር። በ1892 በፔንሲልቫኒያ ግዛት፣ ሆምስቴድ በተባለው የብረት ፋብሪካ፣ በፒንከርተን ዘበኞችና በአድመኞች መካከል በተደረገው የጥይት ልውውጥ ከሁለቱም ወገን የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ወጣቱ ሃሜት ደመወዝ ሊበላበት የገባው ቤት እንዲህ ሁለት ፊት ያለው ነበር።

ሥራው በመጽሐፍ ሲነበብ የሚማርክ፣ በተግባር ግን አድካሚ ነበር። ቁመተ ረጅምና ቀጭን የሆነው ሃሜት ተጠርጣሪን ሳይታይ በመከተል የታወቀ ሆነ። በብርድና በዝናብ ደጅ ቆሞ ማደር፣ ባልሆኑት ሰው ስም መተዋወቅ፣ የሆቴል አስተናጋጅንና የባቡር ጣቢያ ተሸካሚን ማነጋገር የዕለት ተግባሩ ሆነ። ማታ ደግሞ የዋለበትን በጽሑፍ ማቅረብ ነበረበት። ይህ ዘገባ ያየውንና የሰማውን፣ ሰዓቱንና ቦታውን፣ የተጠርጣሪውን ልብስና አካሄድ በቀጥታ ማስፈር አለበት፤ የጸሐፊው ስሜት ቦታ የለውም። ሃሜት የመጻፍን ሀሁ የተማረው በዚህ ዘገባ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከእነዚህ ዓመታት ጋር ተያይዞ የሚነገር አንድ ከባድ ታሪክ አለ። ኦገስት 1 ቀን 1917 በሞንታና ግዛት፣ ቢዩት በተባለችው የመዳብ ማዕድን ከተማ፣ ፍራንክ ሊትል የተባለ የሠራተኞች መሪ በሌሊት ከመኝታው ተወስዶ በባቡር ድልድይ ላይ ተሰቀለ። ሊሊያን ሄልማን የተባለችው ጸሐፌ ተውኔት ኋላ በትዝታዋ እንደገለጸችው፣ ሃሜት ይህን ሰው እንዲገድል 5,000 ዶላር ቀርቦለት እምቢ ማለቱን ደጋግሞ ነግሯታል። ታሪኩን የሚያረጋግጥ ሰነድ አልተገኘም፤ የሕይወት ታሪኩን ያጠኑ ጸሐፍትም በጉዳዩ አይስማሙም። እሷ እንደምትለው ግን ሃሜትን ዕድሜውን ሁሉ የከነከነው ገንዘቡ መቅረቡ ሳይሆን፣ አቅራቢው ይህ ሰው እሺ ሊለኝ ይችላል ብሎ ማሰቡ ነበር።

በ1918 ሃሜት ወደ ጦር ሠራዊት ገብቶ በሜሪላንድ ካምፕ ሜድ በተባለው ሰፈር በአምቡላንስ ክፍል አገለገለ። ወደ ጦር ሜዳ ሳይሄድ ግን በአገራችን የኅዳር በሽታ እየተባለ የሚታወሰው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ያዘው። ከሞት ቢተርፍም የሳንባ ነቀርሳ ተከተለው። በ1919 በሃምሳ አለቅነት ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ወደ ምርመራ ሥራው ቢመለስም ደረቱ አልፈቀደለትም። በዋሽንግተን ግዛት፣ በታኮማ ከተማ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ጆሴፊን ዶላን ከተባለች አስታማሚ ጋር ተዋወቀ፤ በ1921 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተጋቡ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። በ1922 መጀመሪያ ገደማ የመርማሪነት ሥራውን ለዘለቄታው ተወ። በዚያን ጊዜ 27 ዓመቱ ነበር፤ ሙያ የለው፣ ጤና የለው፣ ያለው ሀብት ሰባት ዓመት ያየውና የሰማው ነገር ብቻ ነበር።

ብዕር ያነሣው እንጀራ ፍለጋ ነው። የመጀመሪያ አጭር ጽሑፉ ኦክቶበር 1922 ስማርት ሴት በተባለው መጽሔት ወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ብላክ ማስክ፣ ማለትም ጥቁር ጭምብል፣ በተባለ በርካሽ ወረቀት በሚታተም የወንጀል ታሪኮች መጽሔት መጻፍ ጀመረ። በመጀመሪያ የተጠቀመበት የብዕር ስም ፒተር ኮሊንሰን የሚል ሲሆን፣ ይህም በዘመኑ የመንገድ ቋንቋ የማንም ልጅ እንደማለት ነበር። በ1923 አንድ ስም የለሽ መርማሪ ፈጠረ፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ወደ 40 ዓመት የሚጠጋ፣ ለኩባንያ በደመወዝ የሚሠራ ሰው። ሃሜት ስለዚህ ሰው ወደ 30 የሚጠጉ አጫጭር ታሪኮች ጻፈ።

የዚህን አዲስነት ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ የወንጀል ልብ ወለድ የተለመደው መርማሪ ከሰው ሁሉ የላቀ አእምሮ ያለው ጨዋ ሰው ነበር፤ ግድያውም በመኳንንት ቤት የሚፈጸም እንቆቅልሽ ነበር። ሃሜት ግን ግድያ ለምን እንደሚፈጸም ያውቅ ነበር፤ ለገንዘብ፣ ለሥልጣን፣ ለቅናትና ለፍርሃት መሆኑን በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ መርማሪውን ደመወዝተኛ፣ ወንጀለኛውን ጎረቤት፣ ፖሊሱን ጉቦ የሚቀበል፣ ከተማውንም እውነተኛ ከተማ አደረገው። ከእሱ በኋላ የመጣው ዝነኛው ሬይመንድ ቻንድለር በ1944 ባወጣው ጽሑፍ ለዚህ ለውጥ ምስጋናውን ለሃሜት ሰጥቷል።

በ1929 የታተመው ቀይ አዝመራ የተባለው የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለዱ ቢዩትን በምትመስል የማዕድን ከተማ የሚፈጸም ነው። የማዕድኑ ባለቤት አድማ ለመስበር ሽፍቶችን ቀጥሮ ያስገባል፤ አድማው ይሰበራል፤ ሽፍቶቹ ግን ከተማዋን እንደያዙ ይቀራሉ። ስም የለሹ መርማሪ ሽፍቶቹን እርስ በርስ እያጋጨ ያስጨርሳቸዋል፤ በመጨረሻ ግን የደም ጥማቱ በራሱም ላይ እንደተጋባ ይረዳል። መጽሐፉ በውጭ ገጹ የተኩስ ታሪክ ነው። ደራሲው ማን እንደነበረ ለሚያውቅ አንባቢ ግን በአድማ ሰባሪ ድርጅት ደመወዝ የበላ ሰው ያንን ሙያ መልሶ ሲመረምር ይታየዋል።

በዚያው ዓመት የዴይን እርግማን ወጣ። በ1930 የታተመው የማልታ ጭልፊት ግን ስሙን ከርካሽ መጽሔት አውጥቶ ከታላላቅ ደራስያን ተርታ አሰለፈው። ይህን መጽሐፍ በሳን ፍራንሲስኮ ፖስት በተባለው ጎዳና በምትገኝ ጠባብ የኪራይ ቤት ሲጽፍ ከቤተሰቡ ተለይቶ ይኖር ነበር። ሳም ስፔድ የተባለው መርማሪ ባልደረባው በሌሊት ተገድሎ መገኘቱን በስልክ ይሰማል፤ ደራሲው ግን ስፔድ ምን እንደተሰማው አንድም ቃል አይነግረንም። የምናየው ጣቶቹ ትንባሆውን በጥንቃቄ በወረቀት ሲጠቀልሉ ብቻ ነው። መጽሐፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲሁ ነው፤ ወደ ማንም ሰው ልብ ሳይገባ፣ የሚታየውንና የሚሰማውን ብቻ ያስቀምጣል። የመርማሪው የማታ ዘገባ እዚህ ላይ ሥነ ጽሑፍ ሆነ። በፍጻሜውም ስፔድ የወደዳትን ሴት ለፖሊስ አሳልፎ ይሰጣል፤ ባልደረባውን የገደለችው እሷ ናትና። ባልደረባውን አይወደውም ነበር፤ ይሁን እንጂ የሙያ ጓደኛ ሲገደል ዝም ማለት አይገባም የሚል ሕግ አለው። ለራስ የማይጠቅም ሆኖ ሳለ የሚጠበቅ ሕግ፣ የሃሜት መጻሕፍት ሁሉ ምሰሶ ነው።

የመስታወት ቁልፍ በ1931 ተከተለ። በዚህ ጊዜ ሆሊውድ ጠርቶት ነበር። ድምፅ ያለው ፊልም ገና መጀመሩ ስለነበር ኩባንያዎቹ ሰው እንደሚናገረው አድርጎ ንግግር የሚጽፍ ሰው አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። በ1931 ሩበን ማሙሊያን ላዘጋጀው የከተማ ጎዳናዎች ለተባለው ፊልም ታሪኩን የጻፈው ሃሜት ነው። ነገር ግን በፊልም ኩባንያ ደራሲ የሥራው ጌታ አይደለም። ደመወዙ በሳምንት ይከፈለዋል፤ የጻፈውን ሌላ ይሰርዘዋል፤ ሌላው የጻፈውን ደግሞ ሦስተኛው ያሻሽለዋል። ገንዘቡ ብዙ ነበር፤ ሃሜትም እንደመጣ በተነው። መጠጥ አበዛ። በዚህ ዘመን ያደረገው ሁሉ የሚያስመሰግን አይደለም፤ ለሚስቱና ለልጆቹ ገንዘብ የሚልከው ሲያስታውስ ነበር፤ አንዲት ተዋናይትም በደረሰባት ድብደባ ከስሳው ካሳ እንዲከፍል ተፈርዶበታል።

በ1930 መጨረሻ ሆሊውድ ውስጥ ከሊሊያን ሄልማን ጋር ተዋወቀ፤ ወዳጅነታቸው እየተቋረጠና እየተቀጠለ እስከ ዕለተ ሞቱ ለ30 ዓመት ዘለቀ። ገና ያልታወቀች ጸሐፊ ነበረች። በ1810 በኤድንበርግ ከተማ የተፈጸመ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ለተውኔት እንደሚሆን ያመለከታት እሱ ነው፤ አንዲት ተማሪ በነዛችው ወሬ የሁለት መምህራት ኑሮ የፈረሰበት ጉዳይ ነበር። በ1934 ለመድረክ የበቃው የልጆቹ ሰዓት የተባለው ተውኔቷ ከዚህ የተወለደ ሲሆን፣ ረቂቁን እያነበበ ደጋግማ እንድትጽፈው ያደረጋትም እሱ ነው። እሷ በወጣችበት ዓመት ግን እሱ ቆመ። በ1934 የታተመው ቀጭኑ ሰውዬ አምስተኛውና የመጨረሻው ረጅም ልብ ወለዱ ሆነ። በዚያው ዓመት ፊልም ሆኖ ዓለምን አዳረሰ፤ አምስት ተከታይ ፊልሞችም ወጡለት፤ የሁለቱን ታሪክ የጻፈው ራሱ ነበር። ከዚያ ወዲያ በሕይወት በቆየባቸው 27 ዓመታት አንድም አዲስ ልብ ወለድ አላሳተመም። ከፊልም ጽሑፎቹ ከፍተኛ ግምት ያገኘው የሄልማንን የፀረ ናዚ ተውኔት በራይን ላይ ጥበቃን ወደ ፊልም የመለሰበት ነው፤ ፊልሙ በ1943 ታይቶ ሃሜት ለኦስካር ሽልማት ታጭቷል።

ይህ በሚሆንበት ጊዜ እሱ ሆሊውድ አልነበረም። በ1942፣ በ48 ዓመቱ፣ ሳንባው በነቀርሳ የተጠቃ ሆኖ ሳለ ተራ ወታደር ለመሆን ተመዝግቦ ተቀባይነት አገኘ። የተላከው በአላስካ ጫፍ ወደሚገኙት የአሉሺያን ደሴቶች ነበር። ብርድና ጭጋግ በማይለያት አዳክ ደሴት፣ አዳኪያን የተባለ የወታደሮች ጋዜጣ በ1944 አቋቁሞ አዘጋጀ። የአሜሪካ ጦር ጥቁርና ነጭ ወታደሮችን ለያይቶ በሚያሰልፍበት በዚያን ዘመን የጋዜጣው ክፍል ጥቁሮችንና ነጮችን ባንድነት ያሠራ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ፣ ከ1930ዎቹ አንሥቶ ከግራ ክንፍ ጋር የነበረው ትስስር ወደ ፍርድ ቤት አደረሰው። በ1946 የተመሠረተው የሲቪል መብቶች ኮንግረስ፣ በፖለቲካ ለሚከሰሱ ሰዎች ዋስ የሚሆን ገንዘብ ከልዩ ልዩ ሰዎች እየተበደረ ያስይዝ ነበር፤ ሃሜት የዚህ ገንዘብ ባለአደራዎች ሰብሳቢ ሆነ። በ1949፣ 11 የኮሙኒስት ፓርቲ መሪዎች መንግሥትን በኃይል መገልበጥን በመስበክ ወንጀል ተፈረደባቸው፤ ይግባኛቸው እስኪታይም በዋስ ወጡ። ጁላይ 1951 እስራታቸውን እንዲጀምሩ ሲጠሩ አራቱ ጠፉ፤ የተያዘው 80,000 ዶላርም ተወረሰ። መንግሥት የሸሹትን የደበቃቸው ገንዘቡን ካበደሩት አንዱ ሊሆን ይችላል በማለት የአበዳሪዎቹን ስም ከባለአደራዎቹ ጠየቀ።

ጁላይ 9 ቀን 1951 ሃሜት በኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ቀረበ። የተጠየቀውን ሁሉ አልመልስም አለ፤ በሰነዶቹ ላይ ያለው ፊርማ የእሱ መሆን አለመሆኑን እንኳ አልተናገረም። ችሎት በመድፈር ስድስት ወር እስራት ተፈረደበት። ከባለአደራዎቹ መካከል አልፊየስ ሃንተን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ምሁርም በተመሳሳይ ምክንያት ታስሯል፤ ይህ ሰው ኋላ አክራ ከተማ የአፍሪካ ኢንሳይክሎፔዲያ በሚዘጋጅበት ሥራ ተሰማርቶ፣ በ1970 ሉሳካ ውስጥ ያረፈው ነው። ሄልማን እንደምትተርከው ሃሜት ወደ ድርጅቱ ጽሕፈት ቤት ገብቶ አያውቅም፤ የአንድም አበዳሪ ስም አያውቅም ነበር። ይህ እንደሆነ፣ አላውቅም ብሎ እውነቱን ቢናገር ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችል ነበር። እሱ ግን ጥያቄውን ራሱን አልተቀበለውም። ስም ማውጣት የቀድሞ ሙያው ነበረና የወጣ ስም የት እንደሚደርስ ከማንም የበለጠ ያውቅ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚለው ብሂላችን ለእሱ የሥራ ልምድ ነበር።

በኬንታኪ ግዛት አሽላንድ በተባለው ወህኒ ቤት አምስት ወር ያህል ታሰረ፤ ሥራው መጸዳጃ ቤት ማጽዳት ነበር። በዲሴምበር 1951 ሲወጣ ኑሮው ፈርሶ ጠበቀው። በመጻሕፍቱ ላይ የተመሠረቱት የሬዲዮ ድራማዎች ተቋርጠዋል፤ የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት ከ100,000 ዶላር በላይ ውዝፍ ስለጠየቀው ገቢው ሁሉ ተያዘ። በ1953 በሴናተር ማካርቲ ሰብሳቢነት በሚመራው ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ተጠየቀ፤ መጻሕፍቱም በውጭ አገር ካሉት የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት እንዲነሡ ተደረገ። ኋላ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እርምጃውን እንደማይደግፉት በመግለጻቸው ተመለሱ።

ከ1952 ጀምሮ ከኒው ዮርክ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው ካቶና ወዳጆቹ በሰጡት ትንሽ ቤት ኖረ። እዚያ ሳለ ተሊፕ የተባለ ልብ ወለድ ጀመረ፤ አንድ መጻፍ ያቆመ ደራሲ፣ ታሪኬን ጻፍልኝ ከሚል የጦር ጓደኛው ጋር የሚነጋገርበት ነው። አልጨረሰውም።

ከ1934 በኋላ የጸናበትን ዝምታ አንዳንዶች ለመጠጡ፣ አንዳንዶች ለሆሊውድ ገንዘብ፣ ሌሎች ለፖለቲካው ይሰጡታል። ይህ ዝምታ ለሥነ ጽሑፍ ኪሳራ ነው፤ በ1951 የታየው የችሎት ዝምታ ሊያካክሰው አይችልም። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማመስገንም ለእውነት አይቀርብም። ነገር ግን አንድ ደራሲ በመጻሕፍቱ ያስከበረውን ሕግ፣ ለራሱ በማይጠቅምበት ሰዓት ጠብቆት መገኘቱ በሙያችን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። በዚያን ዘመን ስም በመጥራት ሥራቸውን ያተረፉ የፊልም ጸሐፍት ብዙ ነበሩ፤ እነሱም የፈሩት ነገር እውነተኛ ነበር፤ እሱ የከፈለው ዋጋ ይህን ያሳያል።

ዳሺየል ሃሜት ጃንዋሪ 10 ቀን 1961፣ በ66 ዓመቱ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በሳንባ ካንሰር ሞተ። ሁለት የዓለም ጦርነቶች ላይ ያገለገለ ወታደር በመሆኑ በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀበረ። በ1999 የአሜሪካ ታላላቅ ጸሐፍት ሥራዎች በሚታተሙበት ላይብረሪ ኦፍ አሜሪካ በተባለው ተከታታይ እትም አምስቱ ልብ ወለዶቹ በአንድ ጥራዝ ወጡ። ገንዘቡን ያበደሩት ሰዎች እነማን እንደነበሩ ከእሱ አንደበት የሰማ የለም።